በፋንቱ ስም የተሰጠ ቃል

አርብ ገበያ፣ መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለእጅጋየሁ፣ ዮርዳኖስ አገር፣ አማን ከተማ

ልዑል እግዚአብሔር ከክፉ ሰውና ከክፉ ቀን ይሰውርሽ። እኔ ጉልበቴን ከሚያመኝ በቀር አለሁ። ገብሱም ውርጭ ካልመታው ዘንድሮ ጥሩ ይዟል።

ሦስት ጊዜ ስልክ ደውለሻል አሉኝ። አላነሣሁም፤ ወደፊትም አላነሣም። አርባ ዓመት በፍርድ ቤት በር ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያልተጻፈ ነገር እንዳልተባለ እቆጥረዋለሁ። መምህር ተስፋሁን ይህን ወረቀት በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ይልክልሻል። አንቺም በእጅሽ ጽፈሽ በእሱ በኩል ላኪ፤ አሳትሞ ይሰጠኛል።

ጉዳዩ የፋንቱ ነው። የምታውቂውን የምደግመው ነገሩ በቅደም ተከተል እንዲቀመጥ ነው። ፋንቱ የሟቹ ወንድሜ የገብረ መድኅን ልጅ፣ ላንቺ የአጎትሽ ልጅ ናት። በስድስት ዓመቷ ማጅራት ገትር ጆሮዋን ወሰደው፤ አንደበቷም አብሮ ቀረ። አሥራ ስምንት ሲሞላት አባቷ ሞተ፤ እናቷ ቀድማ ሄዳለች። በ2005 ዓ.ም. አመልክቼ፣ ራሷንና ንብረቷን ማስተዳደር አትችልም ተብላ በፍርድ ተከለከለች፤ እኔም ሞግዚቷ እንድሆን ተወሰነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በስሟ የምፈርም፣ በስሟ የምናገር እኔ ነኝ። ሁለት ጥማድ መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥቼ ድርሻዋን በጎተራዋ አስገባለሁ፤ አንድ ቁና ወደ ቤቴ አላለፈም። አልብሻታለሁ። የጤና ጣቢያ ቀጠሮዋን አንድ ቀን አላሳለፍኩም። ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት።

ባለፈው ግንቦት እስቴ መካነ ኢየሱስ ለዲዳዎች የእጅ ቋንቋ የምታስተምር ህሊና የምትባል መምህርት አለች ቢሉኝ፣ ለሁለት ሳምንት ፈቅጄ ላክኋት። አራት ወር አለፈ፤ አልተመለሰችም። አሁን የመጣው ወሬ ደግሞ ኪዱ የሚባል አናጢ ላገባ ነው ትላለች የሚል ነው። ኪዱም ዲዳ ነው።

በፍርድ የተከለከለች ሴት ፍርድ ቤት ካልፈቀደላት ማግባት አትችልም። እኔም ፈቃድ አልጠይቅላትም። ዲዳና ዲዳ ተጋብተው ሕፃን ቢወለድ፣ ሲያለቅስ የሚሰማው ማን ነው? ግድግዳው?

በስልክ ፊትሽን ስታይ ደስ ይላታል አሉኝ። ካንቺ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ወደ ቤቷ እንድትመለስ ንገሪያት። የላክሽው ገንዘብ በተስፋሁን በኩል ተመልሷል። የሰው አገር ላብሽን አልበላም።

አጎትሽ ዓለምነህ


አማን፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባባ ዓለምነህ

እመቤታችን ጉልበትዎን ታጽናልዎ። እኔ ተመስገን ነው፣ ቆሜ እሄዳለሁ። መልሴ የዘገየው ረስቼ አይደለም። የምጽፍበት ሰዓት የማገኘው ማዳም ዓርብ ዓርብ ወደ ዘመዶቿ ስትሄድ ነው፤ ሰሞኑን ደግሞ እየቀረች አስቸገረችኝ።

በመጀመሪያ፣ እባክዎ አባባ፣ ዲዳ አይበሏት። መስማት የተሳናት ይበሉ። የፋንቱ ወሬ እኮ አያልቅም! ባለፈው በቪዲዮ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራችኝ፤ ህሊና ናት የተረጎመችልኝ። የወንድሟን የዘመነን ሚስት ቅንድብ ሳይቀር አማችልኝ። አብረን ስናድግ እንዲህ ሐሜተኛ መሆኗን አላውቅም ነበር። ለካ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ሐሜቷን ውጣ ነው የተቀመጠችው።

ወደ ቤትሽ ተመለሺ ብለውሻል ብዬ ነገርኳት። ያለችውን እንዳለ እጽፋለሁ። “ቤቴ የትኛው ነው? የጎተራዬ ቁልፍ በአባባ አንገት ላይ ነው” አለች።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ ለእርስዎ አሳልፌዋለሁ። ከእርስዎ ቤት በላይ የሚኖረው ደሴ ዓይኑን ካጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። መሬቱን ለፈለገው ያሳርሳል፤ ሁለት ሚስት ፈትቶ ሦስተኛ አግብቷል። ፍርድ ቤት ወስዶ ያስከለከለው ሰው የለም። ኪዱም አይሰማም፤ ለትምህርት ቤት ዴስክ ለመሥራት ግን ውሉን በገዛ ስሙ ይፈርማል። “ታዲያ ለምን እኔ ብቻ?” ትላለች። “ሴቷ ስለሆንኩ ነው?”

አባባ፣ እዚህ የማስታምማቸው የማዳም እናት ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ጆሯቸው ፈጽሞ አይሰማም። የባንክ ሠራተኛ ቤት ድረስ መጥቶ ያስፈርማቸዋል፤ ያልወደዱትን ወረቀት ፊቱ ላይ ይቀድዱበታል። እኔ ሁለት የሚሰማ ጆሮ አለኝ። ፓስፖርቴ ግን በማዳም ቁም ሣጥን ተቆልፎበታል። “እንዳይጠፋብሽ ብዬ ነው” ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ ሰባት ዓመት ሙሉ አልጠፋም።

ስለዚህ የእርስዎን ቃል አደረስኩ እንጂ፣ እኔ ራሴ ፋንቱን ተመለሺ ልላት አፌ አልታዘዘልኝም። ክልከላው እንዲነሣላት እርስዎ ራስዎ ያመልክቱላት። አገራችን የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አለ ትላለች ህሊና፤ ማንም ሰው በአካል ጉዳቱ ምክንያት በሕግ ፊት ሰውነቱን አያጣም ይላል አሉ።

ልጅዎ እጅጋየሁ


አርብ ገበያ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእጅጋየሁ

የጌታ ልደት በረከት ካለሽበት ይድረስሽ።

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩ። ማዳምሽንና እኔን በአንድ መሥመር መጻፍሽን አይቻለሁ። ከጉዳዩ ያልገባ ሰው በክርክር ውስጥ አይገባም፤ ሰርዤዋለሁ።

ስለ ደሴ እመልስልሻለሁ። ደሴ ወንድ ነው። ደሴ ብቻውን ቢያድር አጥሩን ዘሎ የሚገባበት የለም። ይህን ዓለም የሠራሁት እኔ አይደለሁም፤ እንዳለ ነው ያገኘሁት።

አንቺ አባቷ የሞተ ዓመት ባሕር ዳር በሰው ቤት ነበርሽ፤ አላየሽም። የአባቷ አርባ ሳይወጣ ዘመነ በሬውን ጠምዶ ከመሬቷ ገባ። የአባቷ ልጅ ነው፣ ከፊተኛዋ ሚስት፤ ድርሻውንም አባቱ በቁሙ ሳለ ቆርጦ ሰጥቶታል። እሷ በሬዎቹ ፊት ቆማ ትጮህ ነበር። ድምፅዋ የሰው አይመስልም። አራሾቹ ሳቁ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ የናቁት እሷን ነው። እኔ የሞግዚትነቱን ፍርድ ይዤ ስደርስ ግን ዘመነ በሬውን ፈታ። ያበላት ያ ወረቀት ነው። አሁን ቅደደው ትይኛለሽ። ዘመነም አለ፣ በሬዎቹም አሉ።

ቁልፉ አንገቴ ላይ መሆኑ እውነት ነው። በሯ ላይ ከምትሰቅለው በአንገቴ ቢሆን ይሻላል።

ኪዱን አላውቀውም። ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል። ጥሩ ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ ሌላ ሰው ሲሆን፣ ሚስቱም ያለ ምስክር ተባርራ ስትመጣ፣ እኔ በዣንጥላ ሥር ተቀምጬ ስንቱን ማመልከቻ ጽፌያለሁ። እነዚያ የሚናገሩ ሴቶች ናቸው። የምትናገረዋን ያልሰማ ዳኛ የማትናገረዋን ሊሰማ ነው?

ያልሽው ስምምነት ካለ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ላኪልኝ፤ ቁራጭ አልቀበልም። በቤተ ልሔም ደብር ቅጥር ፊደል ቆጥሬ፣ ሕጉን ያለ መምህር ከነጋሪት ጋዜጣ የለቀምኩ ሰው ነኝ። የተጻፈ ነገር አልፈራም።

አጎትሽ ዓለምነህ


አማን፣ መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣

ጾም ነውና በቁጣ ላለመጻፍ ብዙ ታገልኩ። ማዳምም ስልኬን ስድስት ሳምንት ወስዳብኝ ነበር። የጠየቁኝን ስምምነት በሙሉ አያይዣለሁ፤ ቁራጭ አይደለም።

ፋንቱና ኪዱ ለመጋባት ስላሰቡ ከህሊና ጋር ለምርመራ ጤና ጣቢያ ሄደው ነበር። ነርሷ የወሊድ መከላከያ ትወስጂያለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። አልወስድም አለች። ነርሷ እንዲገባት ብላ የሦስት ወሩን መርፌ ከነብልቃጡ አውጥታ አሳየቻት። ያን ጊዜ ፋንቱ በእጇ ክንዷን ጭምቅ አድርጋ ያዘች።

ታውቀዋለች። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በየሦስት ወሩ ተወግታዋለች።

እርስዎ ምን ብለው እንደነገሯት በምልክት አሳየችን። ግንባርን መያዝ፣ ጆሮን መጠቆም፣ ከዚያ መሬት ላይ መውደቅ። ማጅራት ገትሩ እንዳይመለስ ነው ብላ ነው የኖረችው። ቀጠሮው ሲደርስ ቀድማ የምትለብሰው፣ እርስዎን እጅዎን ይዛ የምትጎትተው እሷ ነበረች አባባ። ፈርታ ነዋ! በሽታው ተመልሶ ዓይኔንም ይወስደዋል ብላ።

ሠላሳ ዓመቷ ነው። እኩዮቿ ሦስትና አራት ወልደዋል። አልወልድም ብትል እንኳ የሷ ነገር ነበር። ማን ጠየቃት?

እኔ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። እውነት ነው ወይ?

እጅጋየሁ


አርብ ገበያ፣ ሰኔ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእጅጋየሁ

ጤና ይስጥሽ። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀደድኩት። በሰው ጉዳይ ጽፌ ቀድጄ አላውቅም።

አዎ፣ እውነት ነው።

ሞግዚትነቱ በተወሰነበት ዓመት ከስማዳ አንድ አባት ማመልከቻ ሊያስጽፍ መጣ። ልጁ አትሰማም። ውኃ ስትወርድ ሦስት ሰዎች ያዟት፤ ፀነሰች። ፍርድ ቤት ቀርባ ማን ነው ስትባል በእጇ አሳየች፤ እጇን የሚያነብ ጠፋ። ሰዎቹ በነፃ ሄዱ። ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጥሩ ማመልከቻ ነበር። በሳምንቱ ፋንቱን ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ወንዝ ድረስ እየተከተልኩ ልጠብቃት ስለማልችል ማሕፀኗን ዘጋሁ። ቅጹ ላይ ሞግዚት በሚለው ቦታ ፈረምኩ፤ ማንም አንድ ቃል አልጠየቀኝም።

ዘንድሮ፣ ደብዳቤሽ ከደረሰኝ በኋላ፣ አንድ ነገር አሰብኩ። መርፌው ሦስቱን ሰዎች አያስቆምም። ያደረጉት እንዳይታወቅ ብቻ ነው የሚያደርገው። ለአሥራ ሁለት ዓመት ይህ አልታየኝም።

ስምምነቱን በእርሳስ እያሰመርኩ አነበብኩት። በሕግ ፊት ከማንም እኩል ሰው ናት የሚለውን አገኘሁ። ማግባትና መውለድ የሚለውንም አገኘሁ። ለሴቶቹ ለብቻቸው የተጻፈ አንቀጽ አለው፤ አድልዎ በሴትነትም በጉዳትም ተደራርቦ እንደሚመጣባቸው። ሕገ መንግሥቱ አገሪቱ ያጸደቀችው ስምምነት የአገሪቱ የሕግ አካል ነው ይላል። ከፍትሐ ብሔሩ ጎን አስቀምጬ ሳየው አንዱ የሚያስረውን ሌላው ይፈታል። እኔ ዕድሜዬን የሠራሁት በሚያስረው ነው።

ያልጠየቅሽኝ ሌላ ነገር አለ።

ፍርዱ የተሰጠ ቀን አስተርጓሚ አልነበረም። የፋንቱን ምልክት የማውቅ እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ ዳኛው “አጎቷ ሞግዚት እንዲሆናት ትስማማ እንደሆነ ጠይቁልኝ” አሉኝ። ጠየቅኋት። ደረቷን በመዳፏ ሦስት ጊዜ መታች፤ ከዚያ እኔን በጣቷ ወደ በሩ አሳየችኝ። እኔው ለራሴ አለሁ፣ አንተ ውጣ ማለቷ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ የማውቀው ምልክት ነው፤ የሚያጠራጥር ነገር የለውም። ዳኛው “ምን አለች?” አሉ።

“እስማማለሁ ትላለች” አልኩ። ጸሐፊው ጻፈው።

ስለ መሬቱ እከራከራለሁ። ስለ ጋብቻው አሁንም አልተስማማሁም፤ ስለ ሕፃኑ ልቅሶ የመለስሽልኝ ነገር የለም። በዚህ ላይ ግን ክርክር የለኝም። በመንግሥት መዝገብ ላይ በእኔ አፍ ሐሰት ገብቷል፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆኖ ሊቀር አይገባም። ማመልከቻውን ራሴ እጽፋለሁ። ጠበቃ አልፈልግም። ህሊናም እንዳትመክረኝ።

ዓለምነህ


አማን፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባባ ዓለምነህ

ፍልሰታን በሰላም ያስፈጽምዎ። በክረምቱ ጉልበትዎን ብርድ እንዳያገኘው።

ደብዳቤዎን ህሊና ለፋንቱ ቃል በቃል ተረጎመችላት። እኔም በስልክ እያየሁ ነበር።  

ሲያልቅ እጇን አነሣች። “ያን ቀን ያልኩት ለማንም እንዳልገባ ነበር የሚመስለኝ። ስንት ዓመት እጄን ስረግመው ኖሬአለሁ፣ ደህና አድርጌ አላሳየሁም እያልኩ። ለካ አባባ ገብቷቸዋል። ሳይገባቸው ቀርቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።”

ይህን ሳትቀንሺ ጻፊላቸው ብላኛለች።

ስለ ሕፃኑም እነሆ መልሷ። “እጄ ሆዱ ላይ ይሆናል። ሕፃን ሲያለቅስ ሆዱ ይንቀጠቀጣል። አባባ በዕድሜያቸው ስንት ጊዜ ሕፃን ሲያለቅስ ሰምተው ተነሥተዋል? ሚስታቸው እትዬ አስካለ አይደሉ የተነሡት! ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ቢኖሩ እሳቸውን ይጠይቋቸው ነበር።” እኔ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ማዳም ከሳሎን ተጣራች።

ፍርድ ቤት እመጣለሁ፣ ቤት ግን አልመጣም ብላለች።

አባባ፣ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ህሊና የምትለው፣ ማመልከቻው ላይ ክልከላው እንዲነሣ ተብሎ በግልጽ መጠየቅ አለበት ነው። እሱ ካልተጻፈ የእርስዎን ሐሰት ብቻ ያዩና ይዘጉታል ትላለች። ደብረ ታቦር ጉዳይ በነፃ የምታይ አንዲት የሕግ ባለሙያ አለች። ከማስገባትዎ በፊት ያሳዩዋት። እልህ አይያዝዎ።

ልጅዎ እጅጋየሁ


አርብ ገበያ፣ ጥር 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእጅጋየሁ

ካለሽበት ሰላም ይጠብቅሽ። መንገድ እየተዘጋ፣ ችሎቱም ሳይቀመጥ እየሰነበተ ነገሩ እስከ ታኅሣሥ ተጎተተ። አሁን ሁሉንም እጽፋለሁ።

የህሊናን ምክር አልተቀበልኩም። አርባ ዓመት የጻፍኩ ሰው በአንዲት መምህርት አልታረምም አልኩ። ለደብረ ታቦሯ የሕግ ባለሙያም አላሳየሁም። የጻፍኩት ይህ ነው፤ “የሰጠሁት ቃል ሐሰት ስለሆነ፣ ለሞግዚትነት የማልበቃ ስለሆንኩ፣ ከሞግዚትነት እንድነሣና እንድቀጣ እጠይቃለሁ።” ሐሰቱ ከወጣ ክልከላው አብሮ የሚወድቅ መስሎኝ ነበር። ለሰው ሁሉ የማስተምረውን ለራሴ ረሳሁት። ፍርድ ቤት ያልተጠየቀውን አይሰጥም።

ፋንቱ ከህሊናና ከኪዱ ጋር መጣች። በአጠገቤ አለፈች፤ አላየችኝም። ኪዱ ግን ቆሞ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝ። እጆቹ የሠራተኛ እጆች ናቸው።

ሥነ ሥርዓት አስከባሪው ከፊቷ ቆሞ “ስምሽ ማን ነው!” እያለ ጮኸባት። የአንገቱ ሥር ተገትሮ ጮኸ። ፋንቱ በእጇ አንድ ነገር አለች፤ ህሊና ከንፈሯን ነከሰች።

“ምን አለች? ይተርጎም” አሉ ዳኛው።

“‘የኋለኛው ጥርስህ ተበልቷል፤ ቀረብ ስላልክ ታየኝ። ስሜ ፋንቱ ገብረ መድኅን ነው’ ትላለች።”

ችሎቱ ሳቀ። ሰውዬው አፉን ገጥሞ ተመለሰ። እኔም ልስቅ ነበር።

ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። “አባት፣ ያን ጊዜ የሰጠሁት ቃል ሐሰት ነው የሚሉት በሙሉ አእምሮዎ ነው?”

“በሙሉ አእምሮዬ።”

“ለምን ዋሹ?”

“የሚበጃትን ከእሷ ይልቅ የማውቅ ስለመሰለኝ።”

“አሁንስ?”

“አሁንም ይመስለኛል። ቃሏ ግን የእሷ ነው።”

ዳኛው ጥቂት ጻፉ። ሐሰተኛ ቃል በመስጠቴ ከሞግዚትነት ተነሥቻለሁ አሉ። ቅጣቱን ዕድሜዬን አይተው በተግሣጽ አለፉት፤ ምሕረት አልጠየቅኋቸውም ነበር። መዝገቡን የሚዘጉ መስሎኝ ተነሣሁ። አልዘጉትም። “ክልከላው የጸና ስለሆነ ያለ ሞግዚት ልትቀር አትችልም። የቅርብ ዘመድ አለ?” አሉ።

ከኋላ ዘመነ ተነሣ። አዲስ ጋቢ ለብሶ፣ ሁለት ሽማግሌ በግራና በቀኝ አስቀምጦ ይጠብቅ ኖሯል። “አለሁ፣ የተከበረው ፍርድ ቤት። ወንድሟ ነኝ።”

ህሊና ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። “ክልከላው እንዲነሣ ነው የምንፈልገው! ራሷ ትናገራለች፣ ይስሟት እንጂ!”

“በዚህ መዝገብ አልተጠየቀም። በአዲሱ ሞግዚቷ በኩል በሌላ መዝገብ ታቅርብ።”

“ሕጉ ራሷ ማመልከት ትችላለች ይላል” አልኩ። “አንቀጹን ልጥቀስ።”

“አባት፣ እርስዎ ከመዝገቡ ወጥተዋል። ይቀመጡ።”

ዕድሜዬን ሙሉ የጻፍኩት ወረቀት ሁሉ ማን ይያዛት ብሎ የሚጠይቅ ነበር። ማንም አይያዛት የሚል ማመልከቻ ጽፌ አላውቅም፤ የዚያን ቀንም አልጻፍኩም። ዘመነ ሞግዚቷ እንዲሆን ተወሰነ፤ የጎተራውን ቁልፍ ለእሱ አስረክብ ተባልኩ፤ ከአንገቴ አውጥቼ ሰጠሁ።

ከችሎት ወጥተን ሬጅስትራር ክፍል ገባን። ትእዛዙ ተነግሯት እንዳወቀች ታረጋግጥ ተባለ። ህሊና ትእዛዙን ሁለት ጊዜ ተረጎመችላት። ፋንቱ እስክሪብቶ ጠየቀች፤ ስሟን መጻፍ ከተማረች ዓመት አልፏታል። ሬጅስትራሩ ራሱን ነቀነቀ። “የተከለከለ ሰው ፊርማ አንቀበልም፤ አውራ ጣቷ ይበቃል” ብሎ የቀለሙን ሣጥን ከፍቶ ገፋላት።

ፋንቱ ሁለት እጇን ጨበጠችና በብብቷ ሸጎጠች።

“እህቴ ትንሽ አስቸጋሪ ናት” አለ ዘመነ እየሳቀ። “ያዙልኝ እንጂ!”

ሬጅስትራሩ ወደ እኔ ተመለከተ። መጥፎ ሰው አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሻይ ጋብዞኛል። “አባባ ዓለምነህ፣ እርስዎን ለምዳዎታለች። እጇን ብቻ ያዙልን። ጣቷ ቀለሙን ከነካ ያልቃል።”

በዚያን ጊዜ አየችኝ። መካነ ኢየሱስ ከሄደች ጀምሮ የመጀመሪያዋ ነበር። እጅጋየሁ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ያንን እጅ ይዤ ከቀለም ያስነካሁ እኔ ነኝ። አንድ ጊዜም እንዴት እንደምታየኝ ቀና ብዬ አላየሁም፤ ወረቀቱን ነበር የማየው።

ሁለት እጄን ወደ ኋላ አድርጌ አንዱን በአንዱ ያዝኩ።

“አልይዝም።”

“ሥራ እያስፈቱን ነው እኮ አባባ!”

“ይፈታ።”

ቀለሙን እስክትነካ ድረስ መዝገቡ አይዘጋም ብለው በየሳምንቱ ረቡዕ እንድትቀርብ አዘዟት። እኔን የጠራኝ የለም፤ እሄዳለሁ። ህሊና በፋንቱ ስም አዲስ ማመልከቻ ጽፋ አምጥታ ነበር፤ የሞግዚት ፊርማ የለውም ተብሎ ተመለሰ። ይግባኝም በሞግዚት በኩል ነው አሏት። ዘመነ ደግሞ የእሷን ጣት አልጠበቀም፤ ሰኞ ዕለት በሬ ጠምዶ ከመሬቷ ገብቷል። ከማሳው ዳር ቆሜ አየሁት። በእጄ የማሳየው ወረቀት የለኝም።

በሬጅስትራሩ በር ያለው አግዳሚ አንድ ብቻ ስለሆነ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ሰላምታ አትሰጠኝም፤ እኔም እንድትሰጠኝ አልጠብቅም። ኪዱ ከመካነ ኢየሱስ ሲመጣ በመካከላችን ይቀመጣል። ሲጠሯት ትገባለች፤ እኔም ተከትዬ እገባለሁ። ሬጅስትራሩ ቀለሙን ከፍቶ መጀመሪያ እሷን፣ ከዚያ እኔን ያያል።

ዛሬ ስድስተኛው ረቡዕ ነው። አልነካችም። እኔም አልያዝኩም።

ዓለምነህ